ለድንጋይ የተጠራ ዋስ

ድንጋይ እልሳለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ፤ እኔም መጀመሪያ ሲያስተምሩኝ ስቄአለሁ። ከመሬት ሆድ የወጣ የአሸዋ ድንጋይ ምላስ ሲያርፍበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ምላሱን ሳብ አድርጎ ይይዛል፣ ወይ እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል። ከያዘ ውስጡ ባዶ ቦታ አለው፣ ምራቅ ይጠጣል ማለት ነው፤ ምራቅ የጠጣ ድንጋይ ውሃም ነዳጅም ሊጠጣ ይችላል። ካንሸራተተ ግን ቀዳዳው ተደፍኗል። አጉሊ መነጽሩ፣ የአሲዱ ጠብታ፣ የአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህን ሥራ የተወለድሁበት አገር ወስጄ እሠራዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንድ የውጭ ኩባንያ ስማዳ ውስጥ፣ ከበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ለነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ እንዲቆፍር ተፈቀደለት። የመንግሥት ሰው አብሮ መኖር ስላለበት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ «ያን አገር የሚያውቅ አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ከወገዳ ገበያ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለችው መንደር እናቴ የምትኖርባት ናት፤ መቆፈሪያው የቆመበት ሜዳ ላይ ዘመዶቼ ጤፍ ይዘሩበት ነበር። ቡልዶዘሩ መንገድ እየጠረገ፣ የጭነት መኪኖቹ አቧራ እያቦነኑ በመካነ ኢየሱስ በኩል ሲያልፉ እኔ ከፊተኛው መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ኮርቼ ነበር፤ አልደብቅም።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። ጾመ ነቢያት እንደገባ እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ ልትጠይቀኝ ወረደች። አብረዋት ዳዊት ያስደገሙኝ የደብሩ መምህር፣ የኔታ፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። የደረሱት ከድንኳኑ ደጅ ተንበርክኬ አንድ ድንጋይ ስልስ ነው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት የላክሁህ ድንጋይ እንድትልስ ነው?» አለችኝ እናቴ። «ከራበህ ንገረኝ እንጂ ልጄ!»

«ተዪው» አሏት የኔታ። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ድንጋዩ የጾም ነው የፍስክ?»

«ቅባት ካለው የፍስክ ነው የኔታ። እስካሁን ያየሁት ግን ሁሉም ጾመኛ ነው።»

«ተመስገን!» አሉ። «ከኛ ደብር ሥር ያለ ድንጋይ እንኳ ጾም አይፈታም!» ሳቃቸው ሠራተኞቹን ሁሉ አሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ ስሜ «ድንጋይ ላሹ» ሆነ፤ ቁጡ ሰው ብሆንም በዚህ ስም ተቆጥቼ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ለሁለቱም ሥራዬን አስረዳኋቸው፤ አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ የማስረዳው እንደዚያው ነው። መቆፈሪያው ሁለት ዓይነት ምስክር ያመጣልናል። አንዱ ኮር የምንለው ነው፤ መሐሉ ክፍት በሆነ መቁረጫ ከጥልቁ ተቆርጦ የሚወጣ፣ እንደ ወፍራም ጧፍ የተድቦለቦለ ድንጋይ። ከላይ ወደ ታች በተራው በእንጨት ሣጥን እንደረድረዋለን፤ ቅንጣቱን፣ ቀለሙን፣ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንመረምራለን። ሁለተኛው ሎግ ነው። መሣሪያ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ድንጋዩ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ከውስጡ ምን ያህል ጨረር እንደሚያወጣ እየለካ ሲመለስ ላይ ያለው ብዕር በረጅም ወረቀት ላይ የተጠማዘዘ መስመር ይሥላል። ኮሩ ሰውየው ራሱ ነው፤ ሎጉ ስለ ሰውየው የሚወራው ነው። ወሬው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ግን ወሬ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል፤ አንዱ ሲጎድል ደግሞ በሌላው ይፈርዳል፤ ምን ያድርግ!

ከላይ ያለውን ጥቁር ድንጋይ አልፈን ነጭ የአሸዋ ድንጋይ አገኘን። ይህ ነጩ ድንጋይ ነው ወደ መንደሩ ከፍ እያለ ሄዶ ከገደሉ ሥር ብቅ ብሎ የመንደሩን ምንጭ የሚያፈልቀው። ምንጩ ከላይ በኩል የደብሩ ጸበል ነው፤ ዝቅ ብሎ ሴቶች በእንስራ ይቀዱታል። ሌላ ውሃ የሚገኘው ቆላ ወርዶ ከወንዙ ነው፤ ያን ቁልቁለት ወርዶ በእንስራ የወጣ ጀርባ ያውቀዋል። ስለዚህ ነጩን ድንጋይ እንዳለፍን ጉድጓዱ ዙሪያውን የብረት ቱቦ ገብቶለት በሲሚንቶ ታሸገ። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር አልነበረም።

ከነጩ በታች ለስላሳ ድንጋይ መጣ። መቁረጫውን አወረድን፣ አወጣን፤ ባዶ። እንደገና አወረድን፤ ጭብጥ የማይሞላ እርጥብ ሸክላ ብቻ ይዞ መጣ። ለስላሳ ድንጋይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲቆረጥ በውሃው ይታጠባል። በሣጥኑ ውስጥ ያ ቦታ ባዶ ቀረ። ሎጉ ሲወርድ ግን መስመሩ ጥርት ብሎ ሸክላ ነው አለ፤ ወፍራም፣ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ። እዚያ ሳለሁ ኃላፊዬ የኩባንያው ሰው፣ ጺሙ የቀላ ፈረንጅ ነበር፤ ወረቀቱን በጣቱ መታ አድርጎ «ይህ ይበቃል» አለኝ። እኔም ይበቃል አልሁ። በሙያችን ሕግ በእውነት ይበቃ ነበር።

ከሸክላው በታች የፈለግነውን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አገኘን፤ ነገርም የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሲቆፈር የተለየ ሸክላ በውሃ ተበጥብጦ በቧንቧው ውስጥ ይወርዳል፤ የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ በጎን ይመለሳል። የወረደው ካልተመለሰ መሬት ጠጥቶታል ማለት ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭቃው ወረደ፣ አልተመለሰም። ሌላ ጨመሩ፤ እሱም አልተመለሰም። ቆፋሪዎቹ ተጯጯሁ። ኃላፊዬ ግን ፊቱ በራ፤ ይህን ያህል የሚጠጣ ድንጋይ ነዳጅም ይይዛል ብሎ ነው። ከእስቴና ከመንደራችን የመጡት የቀን ሠራተኞች ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። እንዲህ ያለ ነገር አየሁ፤ ለአንዱ ደስታ የሆነው ያው ነገር ለሌላው መርዶ ነበር። ከሰዓት ሳይደርስ ወሬው ተራራ ወጣ። ጉድጓዱ ጭቃውን ዋጠው፤ ወዴት ሄደ? ወዴት ይሄዳል፣ ወደ ጸበላችን ነው እንጂ!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከደብሩ ደጃፍ አልተበተነም። እኔም ተጠራሁ። የኔታ ቆሙ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «የውሃችን ሥር ተነክቷል አልተነካም? ይህን ሳናውቅ ዝም አንልም። ካስፈለገ ለቆፋሪዎቹ እህል የሸጠ፣ ጉልበቱን ያከራየ ይገዘት እላለሁ። ገና አላልሁም።»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» ብላ ተረተች፤ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ነበር እንጂ ለማለት ነው።

በአገራችን የውሃ መንገድ የሚፈተሸው በገለባ ነው። ከላይ መሬት ውስጥ የሚሰርግ ወራጅ ታች በየትኛው ምንጭ እንደሚወጣ ለማወቅ ገለባ ይበተንበታል፤ ገለባው ብቅ ያለበት ምንጭ የዚያ ወራጅ ልጅ ነው። ሁለት ደብር በውሃ ሲካሰስ በዚህ የታረቀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ጉድጓዱ ውስጥ ገለባ ይጨመር አሉ። ይህን ለኃላፊዬ ስተረጉምለት ሊስምኝ ደረሰ። ለካ ቆፋሪዎችም ጭቃ የሚያፈስ ስንጥቅ ሲያጋጥማቸው የሚደፍኑት በገለባ፣ በቃጫ፣ ይህን በመሰለው ነገር ነው፤ በዚያ በረሃ ከየት አባቴ አመጣለሁ ብሎ ሲጨነቅ ነበር።

ወሩ ጥር ነበር፤ አውድማው ሁሉ ገለባ ነው። ከደጋውም ከወይና ደጋውም፣ ከአርብ ገበያ መንገድ ላይ የነበሩት እንኳ አህያቸውን መልሰው፣ የገብስና የጤፍ ገለባ ጭነው ወረዱ። ቄሶቹ ጸሎት አደረሱ፤ ቆፋሪዎቹ ገለባውን ከጭቃው ቀላቅለው ለቀቁት። ኩባንያውና ደብሩ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጭቃው መመለስ ጀመረ። ስንጥቁ ተደፈነ። ሴቶች ምንጩን ተራ ገብተው ጠበቁ፤ ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ፤ አንድ ሰበዝ ገለባ አልወጣም። በሚቀጥለው ጉባኤ እልልታው ቀለጠ። ኃላፊዬ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። የኔታ ግን እልልታው እስኪበርድ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የዚህ ነገር ተማሪ ነህ። አለቀ ወይ?»

አለቀ ብል ያለቀ ነበር። ግን የኔታ ሲጠይቁ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ ስሳሳት አርጩሜ ያሳረፉብኝ እጆች መቋሚያው ላይ ተደግፈዋል። በዚያ ላይ ሐሰት የሆነ ማረጋገጫ ያናድደኛል፤ ማን እንዳመጣው ግድ የለኝም።

«አላለቀም የኔታ» አልሁ። «ወንፊት ገለባ ያዘ ማለት ዱቄት ያዘ ማለት አይደለም። ገለባ የማያልፍበት ቀዳዳ ውሃ ያሳልፋል። ገለባው አለመውጣቱ ምንም አይነግረንም።»

ጫጫታ ሆነ። «ታዲያ ለምን አስጫንኸን?» ያለኝ አለ፤ የአህያውን ጀርባ የቆጠረብኝም አለ። እኔ ጮክ ብዬ ስለ ሸክላው ነገርኋቸው። በነጩና በቀዩ ድንጋይ መካከል ወፍራም ሸክላ አለ፣ እንደ ጋን ቂጥ ውሃ አያሳልፍም፣ እምነቴ በእሱ ነው እንጂ በገለባው አይደለም አልሁ።

«ሸክላውን አሳየን» አሉኝ የኔታ። «ድንጋይ ሁሉ በሣጥን አለህ።»

«እሱ አልወጣም የኔታ። ታጥቦ ቀረ። መሣሪያው ነው ያየው።»

የኔታም፣ «መሣሪያው ምስክር ይሁን እሺ» አሉ። «ምስክር ግን ተናግሮ ይሄዳል። እኛ የምንፈልገው ቃሉ ቢዋሽ የሚያዝ ሰው ነው።» ከዚያ በዳኛ ፊት እንደሚባለው «ዋስ ጥራ!» አሉኝ።

አገራችን ሙግት ይወዳል። መንገድ ላይ በተጣሉ ሰዎች መካከል እንኳ «ዋስ ጥራ» ሲባል ዋስ ሳይጠሩ መሄድ ውርደት ነው። እኔው ራሴ ዋስ እሆናለሁ አልሁ። አንድ ሽማግሌ ሳቁብኝ። «አንተ ነገ አዲስ አበባ ነህ። ውሃውን አትጠጣው። ከተሜ በሌላ ሰው ጥም ዋስ ይሆናል ወይ?» አጎቶቼን አየሁ፤ እግራቸውን እያዩ ነበር። አልፈርድባቸውም። ለሰው ዋስ መሆን ያስፈራል፤ ለማያዩት ድንጋይ ዋስ ሁኑ ሲባሉ ምን ይበሉ?

«እኔ አለሁ» አለች እናቴ።

ከሴቶቹ ወገን ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። «ሴት ለድንጋይ ዋስ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። እሷም፣ «የምቀዳው እኔ፣ የምሸከመው እኔ፣ የምጠጣው እኔ። ዋስ ሲሆን ነው ሌላ የሚፈለገው?» አለች።

ምን አስይዛ ዋስ እንደምትሆን ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ከብትና እህል ለውሃ አይመጥንም አሉ። ጠላ ቀጂ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ መርዝ የለበትም፣ ካለበትም በእኔ ይድረስ ማለቷ ነው። የእናቴም ዋስነት እንደዚሁ ይሁን ተባለ። ጉድጓዱ እስኪዘጋ ድረስ በየማለዳው ከሁሉ በፊት እሷ በመዳፏ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ሌላው ይቀዳል። ጣዕሙ ከተለወጠ ትናገራለች፤ የኔታም ግዝቱን ያውጃሉ። እናቴ እሺ አለች። ወደ ቤት ስንሄድ ልቆጣት ፈለግሁ። እሷ ግን ስለ ሽሮ ታወራኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሌላ ሥራ ሆነ። ቁፋሮው ቀጠለ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። ቀዩ ድንጋይ ላይ ሎግ አወረድን፤ መስመሩ በጣም ያማረ ነበር፤ ብዙ ባዶ ቦታ አለ፣ ፈሳሽ ሞልቶታል ይል ነበር። ኃላፊዬ ወረቀቱን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለጠፈው። ቀጥሎ ከዚያው ቦታ ኮር ቆረጥን፤ ይህኛው ጠንካራ ስለሆነ ሳይጎድል ወጣ። ፊቱን ጠርጌ የውሃ ጠብታ አኖርሁበት። ጠብታዋ ሳትሰርግ ተቀመጠች። ጠበቅሁ፤ አሁንም ተቀምጣለች። በአጉሊ መነጽር ሳየው በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ቦታ ሁሉ በሸክላ ተጠቅጥቋል። ሎጉ ያየው ፈሳሽ እውነት ነበር፤ ግን በሸክላው ውስጥ ታስሮ የማይንቀሳቀስ ውሃ ነው። መሣሪያው የታሰረውን ከሚፈስሰው አይለይም። ያን ሁሉ ጭቃ የጠጣውም አንድ ስንጥቅ ብቻ ኖሯል፤ ድንጋዩ ራሱ ምንም አይጠጣም።

ለኩባንያው መጥፎ ዜና ነው። እኔን ግን የመታኝ በሌላ በኩል ነው። ሎጉ እዚህ ከተሳሳተ፣ እዚያ ላይስ? ያ ኮሩ ያልወጣው ለስላሳ ድንጋይ፣ ሸክላ ነው ያለን ያው መሣሪያ አይደለም ወይ? አሸዋ የበዛበት፣ ጭቃ መሳይ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ ቢሆንስ? ፈራሁ። ሎጉን ዘርግቼ ያንን ቁራጭ መስመር ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። መስመሩ ሁልጊዜ ያው ነው። የእናቴን መዳፍ ባሰብሁ ቁጥር ግን የቀጠነ ይመስለኛል። ኃላፊዬን ከጎን ሌላ ኮር እንቁረጥ ብዬ ለመንሁት። እሱም፣ ያለፍነውን ድንጋይ ማን ይመለስበታል አለኝ። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር፤ ስለዚህ ይበልጥ ተናደድሁ።

ከፋሲካ በፊት በላይ ጋይንት በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አደረ። ማለዳ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ከአቀበቱ ጫፍ ሆና ስሜን ጠራች። «ምንጩ ደፍርሷል! ና!»

ያን አቀበት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ስደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን አጋድመው ዳር ዳር ቆመዋል። የኔታ ከደንጊያ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ከውሃው አፍ ቁጢጥ ብላለች፤ መዳፏ እርጥብ ነው፣ አገጯ ላይ ጭቃ አለ። ውሃው እንደ አተላ ነበር።

«ጠጣሽው?» አልኋት።

«ጠጣሁት።»

«ይህን? እያየሽው?»

«እነሱን ቆዩ ብያለሁ፤ አንተ ሳትመጣ አትቅዱ ብያቸዋለሁ። እኔ ግን ዋስ ነኝ።»

«ደፍርሶ ስታዪው አትተፊውም?» ጮኽሁባት፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቀምሶ መትፋት አለ አይደለም ወይ እማዬ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ብተፋው አንተን መትፋቴ ነው» አለች።

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ሰው ተቆጥቼም ወድጄም አላውቅም። ከጎኗ ተንበረከክሁ። ከደፈረሰው አፈስ አድርጌ በጣቶቼ መካከል አሸሁት። የኛ የመቆፈሪያ ጭቃ እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል፤ ይህ ይሻክራል። አፌ ውስጥ አደረግሁት፤ ከጥርሴ ሥር ተንቀጨቀጨ። አፈርና አሸዋ ነው፤ የኛ አይደለም። ከምንጩ በላይ ባለው ቀጭን መንገድ ወጣሁ። ከላይ የዘነበው ዝናብ አፋፉን ንዶት ቀዩ አፈር በነጩ ድንጋይ ስንጥቅ ላይ ተደፍቷል። የኔታን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ጠራ። ሴቶቹ ቀድተው ሄዱ። እኔ ግን እስኪመሽ ድረስ አንድ መስመር አልጻፍሁም።

ከፋሲካ በኋላ የቀዩን ድንጋይ ማጠቃለያ ጻፍሁ። የሚይዘው ቦታ ትንሽ፣ የሚያሳልፈው ደግሞ ከምንም የማይቆጠር፤ የድንጋዩ ጥራት፣ ደካማ። ኃላፊዬ አንብቦ ተከዘ፤ ሰውየው የዓመት ድካሙን እያጣ ነበርና አዘንሁለት። ለራሴ ግን ከጻፍኋቸው ቃላት ሁሉ «ደካማ» እንደሚለው ደስ ብሎኝ የጻፍሁት የለም። በዚያ ቃል ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ማሽኑ ተነቅሎ ተጫነ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እናቴን ከዋስነትሽ ተፈትተሻል አሏት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጅ ነሣች።

በማግስቱ ማለዳ ምንጩ ዳር አገኘኋት፤ በመዳፏ ትቀምሳለች።

«አለቀ እኮ እማዬ። ተዘጋ።»

«ከላይ ተዘጋ። ያ ለስላሳው ያልኸው ከታች አለ አይደል? አየኸው?»

«አላየሁትም። መሣሪያው ነው ያየው።»

«እንግዲያስ ተወኝ» አለች።

ተውኋት። አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ ሌላ አገር፣ ሌላ ድንጋይ። ሰው በመጣ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ትቀምሳለች ይሉኛል። ብትታመም ሴቶቹ ከቤቷ ደጅ በቅል ያመጡላታል፤ ቀምሳ እሺ ስትል ይቀዳሉ። መንደሩ ለመደው። ከእሷ በፊት እንስራ የሚነክር ጠፋ። ምክንያቱን የማያውቁ አዲስ ሙሽሮች እንኳ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እኔ ዘመኑን ሁሉ የድንጋይን ጥራት ስመዝን ኖሬአለሁ፤ ባላየሁት ነገር ላይ ፈርሜ አውቃለሁ፣ ሰውም ፊርማዬን አምኖ ሄዷል። ያላየሁትን በየማለዳው ሂዶ የሚጠይቅልኝ ግን እናቴ ብቻ ነበረች። ይህን ማሰብ ያኮራኝም ያሳፍረኝም ነበር።

መሞቷን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስደርስ ተቀብራ ሣልስቷ ነበር። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ እጃቸው ተልጦ፣ ፊታቸው ገርጥቶ አየሁ፤ ከሐዘን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ወደ ምንጩ ስወርድ እንስራቸውን ይዘው በሰልፍ ቆመዋል። ውሃው ጥርት ብሎ ይፈስሳል፤ የቀዳ የለም።

«እሷ ካረፈች ወዲህ ከወንዝ ነው የምንቀዳው» አለችኝ ያች ያን ጊዜ ከአቀበቱ የጠራችኝ ጎረቤት። «የሚቀምስልን አጣን። ዛሬ አንተ ትወርዳለህ ብለን ነው እዚህ የቆምነው።»

ያን ቁልቁለት፣ በለቅሶ ላይ፣ ምንጩ ከደጃቸው እየፈሰሰ! ተጎንብሼ በመዳፌ ቀዳሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ዋጥሁት፤ ሁሉም ፊቴን ያዩ ነበር።

«ጥሩ ነው» አልሁ። «ቅዱ።»

አንድ በአንድ ቀዱ። እንስራ እየተጋገዙ ተሸከሙ፤ አቀበቱን ጀመሩ። ጎረቤታችን መጨረሻ ቀረች። እንስራዋን አዝላ፣ ማንገቻዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ አስራ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ነገስ?» አለችኝ።

ነገ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደውን አውቶቡስ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ወደ መካነ ኢየሱስ መንገድ መጀመር ነበረብኝ።